በጨው ያስቀመጥኳቸው ካሴቶች

ልጅ እያለሁ ሰው አምኖ በእጄ ላይ የጣለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም አበላሸሁት። ከመጀመሪያው የምናገረው፣ አንባቢ እስከ መጨረሻው «ምናልባት ተርፎ ይሆን?» እያለ በከንቱ እንዳይደክምልኝ ነው። አልተረፈም። በቸልተኝነት አበላሽቼው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ችግሩ በትጋት ማበላሸቴ ነው።

እማዬ አምና አረፈችና ቤቱን ባዶ ለማድረግ ከዲመካ ወደ ጂንካ መጣሁ። ዲመካ የምሠራው ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ንብረት ክፍል ውስጥ ነው። ወረቀቱንም፣ ወንበሩንም፣ የመኪና ጎማውንም የምቆጣጠረው እኔ ነኝ፤ እርጥብ ጫማ ይዞ መጋዘን የሚገባ ሰው ከእኔ ጋር ሳይጣላ አይወጣም። ባልደረቦቼ ይህን ጠባይ ከየት እንዳመጣሁት አያውቁም፣ አልነገርኳቸውም። ከልጄ ከረድኤት ጋር ሆነን የእማዬን አልጋ ስናነሳ፣ ግድግዳው ሥር አንድ አራት ማዕዘን የብስኩት ቆርቆሮ ወጣ። ቀለሙ ተልጧል፣ ክዳኑ በዝገት ከአፉ ጋር ተጣብቋል። ስስበው ከበደኝ። «ምንድነው?» አለችኝ ረድኤት። «የአጎትሽ ጌም» አልኳት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ለእሷ ጌም ማለት ስልክ ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ፣ ነካ ያደረገኝ መስሏት ትኩር ብላ አየችኝ።

አጎቷ ዘሪሁን ታላቅ ወንድሜ ነው። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን እኔ በእግሬ መሄድ ሳልጀምር ስለሞተ፣ እኔ አባት ሲባል የማስበው የእሱን ፊት ነበር። እማዬ በልጅነቷ ከሳውላ መጥታ ጂንካ የቀረች ሴት ናት፤ ጤና ጣቢያ ጽዳት ትሠራለች፣ እሑድ ጠዋት ቸርች፣ ቅዳሜ ገበያ፣ ሌላ መንገድ አታውቅም። ዘመኑ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ዘሪሁን አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት ሳይመጣለት ሲቀር፣ አርባ ምንጭ ሄዶ አንድ በጋ ሙሉ የቀን ሥራ ሠራ። ሲመለስ ልብስ አልገዛም፣ ጫማ አልገዛም። ጥቁር የጌም ማሽን፣ ሁለት ጆይስቲክና አሥራ አንድ ካሴት ይዞ መጣ። እማዬ በር ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ሰው አርባ ምንጭ ሄዶ ሙዝ ይዞ ይመጣል፤ አንተ ፕላስቲክ ተሸክመህ መጣህ?» አለችው። እሱ ሳቀ። ሲስቅ ድምፅ አልነበረውም፣ ትከሻው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው።

ከጂንካ ከተዛወረ አንድ መምህር አሮጌ ቴሌቪዥን ገዛና የፊተኛዋን ክፍል በመጋረጃ ከፈላት። ሁለት አግዳሚ ወንበር ገባ። በቃ፣ ቤታችን ጌም ቤት ሆነ። የሰፈሩ ልጆች አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ከላሞቹ ጋር እየተጋፉ ኳስ ተጫውተው፣ በዚያው ላባቸው ይመጡ ነበር። ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ የጭቃ እግር፣ እርጥብ ሣር፣ የጋለ ፕላስቲክ፣ ከጓዳ ደግሞ እማዬ ፀሐይ ባገኘች ቁጥር አውጥታ የምታሰጣው ኮሮሪማ። የካሴቶቹን የእንግሊዝኛ ስም የሚያነብ አልነበረም። «የሞተሩ»፣ «የዳክዬዋ»፣ «የታንኩ» ነበር የምንላቸው።

የዚያ ዘመን ልጆች ከሆናችሁ የሚቀጥለውን ታውቁታላችሁ። ካሴቱ ሲሰካ ስክሪኑ ግራጫ ይሆናል፣ ወይም ሰረዝ ሰረዝ ይላል። ያኔ ነቅሎ አፉ ውስጥ እፍ ማለት ነው። ማን እንዳስተማረን አላውቅም፤ ሐዋሳም አዲስ አበባም ያደጉ ሰዎች ያንኑ እፍ ይሉ እንደነበር በኋላ ነግረውኛል። ዘሪሁን ግን የዚህ ነገር ጠላት ነበር። ግድግዳው ላይ በከሰል፣ በትልልቁ፣ «እፍ ያለ ይወጣል» ብሎ ጻፈ። «ትንፋሽ ውሃ ነው» ይላቸው ነበር። «ዛሬ ይሠራልህና ነገ ጥርሱ ይዝጋል።» ጥርስ የሚለው ካሴቱ አፍ ውስጥ የተደረደሩትን ወርቃማ መስመሮች ነው። ልጆቹ የት ይሰሙታል። ከሁሉ የባሰው የጎረቤታችን ልጅ ምንተስኖት ነበር፤ ዘሪሁን ዞር ሲል ጉንጩን ነፍቶ እፍ ይላል። ዘሪሁን ያየዋል። አያስወጣውም። ካሴቱን ተቀብሎ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ፣ መልሶ ይሰካለታል። በጽሑፍ ካልሆነ በስተቀር በአፉ ሰው መቆጣት የማይችል ልጅ ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ደግሞ የት እንደነበርን አስቡ። ጂንካ ውስጥ አልጋ ሥር የተረሳ ጫማ በሳምንቱ ሻጋታ ያበቅላል። የእማዬ መጽሐፍ ቅዱስ ገጾቹ እየተጣበቁ በማንኪያ እጀታ ነበር የምትለያቸው። ዝናቡ ሲከርም የጭቃው ግድግዳ ራሱ ያልበዋል። እንደዚህ ያለ አገር ላይ ካሴት ማቆየት ቀልድ አይደለም።

መብራት በዚያን ጊዜ ከጄነሬተር ነበር የሚመጣው፤ አመሻሽ ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ይበራል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላው የጽዳት ጊዜ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዘሪሁን ደጃፉ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ዘርግቶ ይጠብቀኛል። የክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ እጠመጥማለሁ፣ እሱ አልኮል ነክሮ የካሴቱን አፍ ይጠርጋል። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ያልለቀቀ ቆሻሻ ካለ ደግሞ ቦርሳዬን ያያል። ላጲስ ፍለጋ ነው። ያችን ግማሿ ቀይ፣ ግማሿ ሰማያዊ የሆነችውን ላጲስ ታስታውሷታላችሁ። የእኔዎቹ ሁሉ ጫፋቸው ላይ የጥርስ ምልክት ነበረባቸው፣ ሒሳብ ሲከብደኝ ስለማኝክ። «በቀዩ ብቻ» ይለኝ ነበር ጣቴን ይዞ እያሳየኝ። «ሰማያዊው አሸዋ አለው። ጥርሱን ይልጠዋል። ሞቼም ቢሆን በሰማያዊው እንዳትነኪ።» ከዚያ አንድ በአንድ ቆርቆሮው ውስጥ እደረድራቸዋለሁ። ይህቺ ሥራ የእኔ ብቻ ነበረች። ምንተስኖት አንድ ቀን ሊረዳኝ እጁን ቢሰድ በመዳፌ መትቼዋለሁ።

መብራት ሲመጣ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች የእኛ ነበሩ። «እንሞክራቸው» ይላል ዘሪሁን፤ ሙከራ ማለት ሁልጊዜ የታንኩ ነው። ጨዋታው ላይ ከታች በኩል በጡብ የታጠረች ቤት አለች። ሁለታችንም ታንክ እንነዳለን፤ ጠላት ከላይ እየመጣ ጡቡን ይንዳል፣ ቤቷ ከተመታች ሁሉም ነገር አለቀ። እኔ መቀመጥ አልወድም፣ ወደ ላይ ሄጄ መተኮስ እፈልጋለሁ። «ሂጂ ሂጂ፣ ቤት እኔ እጠብቃለሁ» ይለኛል። አንድም ቀን ተራ እንለዋወጥ ብሎኝ አያውቅም። እኔም አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

ጌም ቤቱ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ፊልም በሲዲ የሚያሳዩ ቤቶች ሲከፈቱ ልጆቹ ወደዚያ ፈለሱ። ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ። ምንተስኖት ብቻ አንዳንዴ ብቅ ይላል፣ እሱም ብቻውን ሲሆን ይሰለቸዋል። ዘሪሁን ኦሞራቴ የግንብ ሥራ አለ ሲባል ሰማና ሊሄድ ቆረጠ። እማዬ ማሽኑን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ቆርቆሮውን ግን ዘሪሁን ለእኔ ሰጠኝ። አይሱዙው ደጅ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀዋል፣ እሱ ፊቴ ቁጢጥ ብሎ ያዘኛል። «አስቱ፣ አሁን ቤት ጠባቂዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። «እፍ አትበይባቸው። እርጥበት አታስነኪያቸው። ስመለስ እንጫወታለን።» አሥር ዓመቴ ነበር። ራሴን ነቀነቅኩ እንጂ አላለቀስኩም፤ ማልቀስ የጀመርኩት አቧራው ከሰፈሩ ሲጠፋ ነው።

ያ በልግ ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ነበር። የነሪ ወንዝ ድምፅ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። የደብተሬ ቀለም መፍሰስ ሲጀምር ድንጋጤ ገባኝ። ቆርቆሮውን ከፍቼ ሳሸተው የሻጋታ ሽታ የሸተተኝ መሰለኝ። ላጲስ ይበቃል? ጨርቅ ይበቃል? የምጠይቀው ሰው ኦሞራቴ ነው። በዚያው ሰሞን እማዬ ስጋ ዘልዝላ ለቋንጣ ስታዘጋጅ ከጎኗ ቆሜ ነበር። «ጨው በደንብ አልብሺው» አለችኝ። «ያኔ ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም።»

ሌላ ነገር አላስፈለገኝም። በማግስቱ እማዬ ሥራ ስትሄድ ከጓዳ ጨው ቀድቼ፣ ቆርቆሮው ሥር አንጥፌ፣ ካሴቶቹን ደርድሬ፣ ከላይም ከጎንም ጨው አለበስኳቸው። ጥርሳቸው ውስጥ ሳይቀር በጣቴ ሞላሁት። ጓዳ ያለው ጨው ራሱ በዝናብ ጊዜ እንደሚያልብ፣ እማዬ ምድጃ ዳር እያስጠጋች እንደምታደርቀው በየቀኑ አይ ነበር። ሁለቱን ነገር ግን አላገናኘኋቸውም። ክዳኑን ከደንኩና አየር እንዳይገባው ብዬ ዳግመኛ አልከፈትኩትም። በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወደ ኦሞራቴ የሚሄድ ሾፌር ባገኘሁ ቁጥር «ካሴቶቹ ደህና ናቸው በልልኝ» እለዋለሁ። ከሳምንታት በኋላ መልስ ይመጣል፤ «እፍ እንዳትል በላት» የሚል። ሾፌሮቹ ምን እንደምንባባል ስለማይገባቸው ይስቁብኝ ነበር።

ዘሪሁን በዓመት ከመንፈቁ ተመለሰ። ከመኪናው ሁለት ሰዎች ደግፈው አወረዱት። ፊቱ ጠቁሯል፣ አጥንቱ ወጥቷል፣ ሆዱ ብቻ አብጧል። ወባ ነው ተባለ፤ ቆይቶ ወባ ብቻ አይደለም ተባለ። አርባ ምንጭ ሆስፒታል ደርሶ ተመለሰ። ጌም ቤት በነበረችው ክፍል አልጋ ዘረጋንለት። ግድግዳው ላይ የከሰሉ ጽሑፍ ደብዝዞ አሁንም ይነበባል።

በሳምንቱ ትንሽ ሻል ሲለው «አስቱ፣ ካሴቶቹስ?» አለኝ። ጎትቼ አመጣሁለት። ፊቱን እያየሁ ቆምኩ። እንዲያመሰግነኝ ፈልጌ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። ክዳኑን በማንኪያ ፈልቅቆ ከፍ አደረገና ወደ ውስጥ አየ። ከቆምኩበት የሚታየኝ የክዳኑ ጀርባ ብቻ ነው።

«ጨው ነው?» አለ ቆይቶ።

«አዎ። እርጥበት እንዳይገባቸው። ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ ያሰብኩት።»

ክዳኑን ቀስ አድርጎ መለሰው። «ጎበዝ» አለኝ። «ደህና ናቸው። በደንብ ነው የጠበቅሻቸው።»

«እንጫወት ታዲያ?» አልኩት። መብራት በዚያን ጊዜ ቀንም መምጣት ጀምሮ ነበር። ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ማሽኑን ትናንት አንቺ ትምህርት ቤት ሳለሽ ሞክሬው ነበር» አለኝ። «እሱ ነው የሞተው። ካሴቶቹ ምንም አልሆኑም።» ለማሽኑ አዘንኩ። በልቤ ግን፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ የእኔ አደራ በመትረፉ ኩራት ተሰማኝ። ማሽኑን የጠበቀችው እማዬ ነበረች።

በዚያው ሰሞን ላጲስ ይጠይቀኝ ጀመር። ያኘክኳትን አውጥቼ ሰጠሁት። ሁለት ቀን ሳይቆይ ሌላ ጠየቀ። ከዚያም ሌላ። ደብተርም ፈለገ፣ ባለ ካሬውን። «ይሄ ልጅ ላጲስ ነው እንዴ የሚበላው?» አለች እማዬ፤ ከመጣ ወዲህ ስትቀልድ የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት ስገባ አንድ ነገር ወደ ብርድ ልብሱ ሥር ይከታል። የተረፈውን ላጲስ ሲመልስልኝ አየሁት፤ ቀዩ እንዳለ ነው፣ ሰማያዊው አልቋል። በሽታው አስረስቶት ነው አልኩ። የጣቶቹ ጫፍ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። እማዬ የበሽታው ምልክት መስሏት ደነገጠች፣ በሎሚ እያሸች ስታጥበው ዝም ብሎ እጁን ሰጣት።

አንድ ጠዋት ቦርሳዬን አንግቤ ልወጣ ስል ጠራኝ። «አስቱ፣ ስለ ካሴቶቹ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። ደወል ሊደወል ነው፣ ያረፈደ ሰው ደጅ ይቆማል። «ደህና ናቸው፣ እኔ እጠብቃቸዋለሁ» ብዬው ሮጥኩ። ከሰዓት ስመለስ በራችን ላይ ድንኳን ተተክሎ ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ቦርሳዬን ከትከሻዬ ላይ አውርዳ ያዘችልኝ።

ለቀስተኛው ሲበተን እማዬ የእሱን ነገር ሁሉ ከዓይኗ ማራቅ ፈለገች። የሞተ ነው ብላ ማሽኑን ለምንተስኖት ሰጠችው፣ ፈታትቶ ይጫወትበት ብላ። ቆርቆሮውን ግን እኔ አልሰጥም አልኩ። ከአልጋው ሥር ሳወጣው ቀሎኝ ደነገጥኩ። ስከፍተው ጨው የለም። ካሴቶቹ እያንዳንዳቸው በካሬ ደብተር ወረቀት ተጠቅልለው፣ በክር ታስረው ተደርድረዋል። የዘሪሁን አስተሳሰር ነው። እማዬ ጨዉን ለወጥ ወስዳው ይሆናል አልኩ። ክሩን መፍታት አልሆነልኝም፤ እጁ ያረፈበት የመጨረሻ ነገር ነው። ደህና ናቸው ብሎኝ የለ? ደህና የሆኑት በምን ነው? በጨው ነዋ።

ጓዳ ገባሁ። የጨዉን ቅል እንዳለ አምጥቼ ላያቸው ላይ ገለበጥኩት። ክፍተቱን ሁሉ ሞላሁ። እያለቀስኩ፣ እየጠቀጠቅኩ። እማዬ በማግስቱ ጨው ስታጣ «ደፋሁት» አልኳት፤ ሐዘን ላይ ስለነበረች አልተቆጣችኝም።

እንግዲህ አምና ያ ቆርቆሮ ነው የወጣው። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቷል። እኔ ተምሬ፣ ሥራ ይዤ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ በየዓመቱ ጂንካ ስመጣ ከእማዬ አልጋ ሥር መኖሩን በእግሬ ነካ አድርጌ እመለስ ነበር። አንድም ቀን አልከፈትኩትም። አሁን ግን ቤቱ ሊሸጥ ነው። ተሸክሜ ምንተስኖት ጋ ሄድኩ። ከመናኸሪያው ጀርባ የስልክና የቴሌቪዥን ጥገና አለው፤ ያ እፍ ባዩ ልጅ ዛሬ መነጽር ያደረገ፣ ፀጉሩ የሸሸ ሰው ነው። ረድኤት በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

ክዳኑን በመፍቻ ፈልቅቆ ከፈተ። ጨዉ እንደ ድንጋይ ተጋግሯል፣ ዝገት ቡናማ አድርጎታል። እየፈረፈረ የላይኛውን ካሴት አወጣ፣ ወረቀቱን ላጠ፣ ብሎኑን ፈትቶ ውስጡን በአጉሊ መነጽር አየ። «እነዚህ አለቀላቸው» አለ። «ማነው በጨው የቀበራቸው? ጠላት ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

የፈረፈረውን ጨው ከጠረጴዛው ላይ በመዳፌ ሰበሰብኩ።

«ቆይ» አለ ደግሞ፣ ወደ መብራቱ አስጠግቶ። ሁለተኛውንም ከፈተ፣ ሦስተኛውንም። «ይሄ ሁለት ጊዜ ነው የተበላው። መጀመሪያ ዝጎ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው አጽድቶታል። ይኸው ፍርፋሪው። በሰማያዊ ላጲስ ነው። ዝገቱን ብቻ ነው ያነሳው፣ መስመሩን አልነካውም። አስቱ፣ እኔ ሥራዬ ሆኖ እንዲህ አላጸዳም። ያኔ ቢሰኩ ይሠሩ ነበር። እንደገና ጨው ባይገባባቸው...»

«ማሽኑ ግን ተበላሽቶ ነበር» አልኩት። «እማዬ የሰጠችህ።»

መነጽሩን አወለቀ። «ተበላሽቶ አያውቅም» አለኝ ዓይኔን ሳያይ። «በሰጡኝ ቀን ሰካሁት፣ ሠራ። እማማ ስለማያውቁ ነው ተበላሸ ያሉት ብዬ፣ እንዳይወስዱብኝ ዝም አልኩ። አሥረኛ ክፍል እስክደርስ ተጫውቼበታለሁ።» ከዚያ ቀስ ብሎ «ይቅርታ» አለኝ። ምን ብዬ ይቅር ልበለው፣ እሱ ምን አደረገ።

የታንኩ ከሁሉም ሥር ነበር። ጥርሱ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ወረቀቱን ልጥለው ስል የውስጠኛው ገጽ ላይ የእርሳስ ጽሑፍ አየሁ። ግማሹ ተበልቷል፣ ግን ይነበባል። የዘሪሁን ጽሕፈት ነው፣ ያ ግድግዳው ላይ የነበረው። «አስቱ፣ ከእንግዲህ ጨው አታድርጊባቸው። ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። አልተቆጣሁም።»

ሰው በሞተ ሰው ይናደዳል? እኔ ተናደድኩ። እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ልጄ እያየችኝ። ምነው በጮኸብኝ። ምነው ያን ቀን ቆርቆሮውን ወርውሮ «ምን ሆነሽ ነው!» ባለኝ። ለአንድ ሳምንት አለቅስ ነበር፣ ከዚያ ይወጣልኝ ነበር፤ ጨውም ዳግመኛ አልነካም ነበር። እሱ ግን ትንፋሽ እያጠረው፣ ጣቱ እየቆሰለ፣ የእኔን ጥፋት ከእኔ ደብቆ አጸዳው። በመጨረሻው ጠዋት ሊነግረኝ ሲል ደግሞ እኔ ሮጥኩ። ከሁለታችን ማንን እንደምወቅስ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ካሴቶቹን ዲመካ ይዣቸው መጣሁ። ዲመካ ደረቅ ነው፤ እዚህ ብረት እንኳ ለመዛግ ይቸገራል። እንደጻፈልኝ ንጹሕ ጨርቅ አልብሼ ቁም ሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ አስቀመጥኳቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አውርጄ እጠርጋቸዋለሁ። ዛሬ ነገሩ ሁሉ ተቀይሯል። ረድኤት የሰለቻትን ጌም ከስልኬ ታጠፋውና ስታምራት እንደገና ታወርደዋለች፤ የሚዝግ ነገር የለም፣ የሚጠበቅ ነገርም የለም። ስመለስ እንጫወታለን ብሎ ቆርቆሮ የሚሰጣት ሰውም የለም። ይሻላል መሰለኝ። አንዳንዴ ግን ያሳዝነኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ስጠርግ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። የታንኩን አነሳችና አፉን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። ከዚያ ማንም ሳያስተምራት ጉንጯን ነፋች።

«እፍ አትበይ» አልኳት።

«ለምን? ተበላሽቷል አይደል እንዴ?»

«ተበላሽቷል።»

«ማን ነው ያበላሸው?»

ጨርቁን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። «እኔ» አልኳት። ዘሪሁን ያን ሁሉ ላጲስ የጨረሰው ይህቺ ቃል ከአፌ እንዳትወጣ ነበር።